የወተት ጥርስና የማድሪዱ አይጥ፦ የአንድ የስፔን ልማድ ታሪክ

በስፔን ዕድሜው ስድስት ዓመት ገደማ የሆነ ሕፃን የመጀመሪያዋ የወተት ጥርሱ ስትወልቅ፣ ወላጆቹ ጥርሷን አጥበው በወረቀት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ይጠቀልሉና ማታ ልጁ ሊተኛ ሲል ከትራሱ ሥር ያኖሩለታል። ሌሊቱን ራቶን ፔሬዝ፣ በቁልምጫ ስሙም ራቶንሲቶ ፔሬዝ የሚባል አይጥ መጥቶ ጥርሷን ይወስዳል፤ በምትኳም ሳንቲም ወይም ትንሽ ስጦታ ትቶ ይሄዳል ተብሎ ለልጁ ይነገረዋል። ይህ ልማድ ዛሬ ከስፔን አልፎ ስፓኒሽ በሚነገርባቸው የላቲን አሜሪካ አገሮች በሰፊው የታወቀ ሲሆን፣ አመጣጡ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ በ1894 ሉዊስ ኮሎማ የተባለ ካህን ለሕፃኑ ንጉሥ ለአልፎንሶ 13ኛ የደረሰው ተረት ነው የሚል ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መልሱ ከእውነት የራቀ ባይሆንም ጎዶሎ ነው፤ ምክንያቱም አይጡም፣ ስሙም፣ ጥርስን ለአይጥ የመስጠቱ ሥርዓትም ከካህኑ በፊት የነበሩ ሲሆኑ፣ ካህኑ በእርግጥ የጨመረው ነገር ደግሞ ከጊዜ ብዛት ከልማዱ ወጥቶ የተዘነጋው ክፍል ነው።

ጥርስን ለአይጥ የመስጠት ሐሳብ ከየት እንደመጣ ለመረዳት የሁለቱን ጥርሶች ጠባይ ማየት ይጠቅማል። የሰው ልጅ 20 የወተት ጥርሶች ሲኖሩት፣ በአብዛኛው ከስድስት ዓመት ገደማ ጀምሮ እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በቋሚ ጥርሶች ይተካሉ፤ ብዙውን ጊዜም ቀድመው የሚወልቁት ከታች በኩል መካከል ላይ ያሉት ሁለቱ ናቸው። ቋሚው ጥርስ ከድድ ሥር እየገፋ ሲመጣ ሰውነት ራሱ የወተት ጥርሱን ሥር ቀስ በቀስ ስለሚያሟሟው፣ በመጨረሻ በልጁ መዳፍ ላይ የምትቀረው ጥርስ ሥር አልባ ናት ማለት ይቻላል፤ ከላይ ነጭና ለስላሳ፣ ከታች ደግሞ ጎድጎድ ያለችና ጠርዟ የሻከረ፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ነገር ናት። የአይጥ የፊት ጥርሶች ግን ዕድሜ ልካቸውን ማደጋቸውን አያቋርጡም፤ ጠንካራው ሽፋን ያለው በፊት ለፊታቸው በኩል ብቻ በመሆኑም አይጧ ባኘከችና በቆረጠመች ቁጥር የኋላው ክፍል ቶሎ እየተበላ ጫፋቸው እንደ ተሳለ ይኖራል። የእህል ጎተራውንና የቤቱን እንጨት ሲቆረጥም ሌሊቱን ሲሰማው ለሚያድር የገጠር ሰው፣ ከአይጥ የተሻለ የጥርስ ባለጸጋ ሊኖር አይችልም ነበር።

ስኮትላንዳዊው የባህል ተመራማሪ ጄምስ ፍሬዘር የመጀመሪያ እትሙ በ1890 በወጣው «ወርቃማው ቅርንጫፍ» በተሰኘ ሥራው፣ ከሰውነት የተለየ ነገር ሁሉ፣ ጥርስም ሆነ ጠጉር ወይም ጥፍር፣ ከባለቤቱ ጋር ያለው ግንኙነት አይቋረጥም፤ በእሱ ላይ የደረሰው ሁሉ በባለቤቱም ላይ ይደርሳል የሚለውን ጥንታዊ እምነት ለይቶ አውጥቶ፣ በንክኪ የሚሠራ አስማት ሲል መድቦታል። በጀርመን አገር የወለቀ ጥርስ በአይጥ ጉድጓድ እንዲገባ ይደረግ የነበረው በዚሁ እምነት እንደሆነ ጽፏል፤ ጥርሱን አይጥ ካገኘው የልጁ አዲስ ጥርስ እንደ አይጥ ጥርስ ይጠነክራል ማለት ነው። አይጥ በሌለበትም ያው ሐሳብ ሌላ አካል ይፈልጋል። በዐረቡ ዓለም ልጁ የወለቀ ጥርሱን ወደ ፀሐይ ወርውሮ የተሻለ እንድትሰጠው ይለምናል፤ ይህ ልማድ በ13ኛው መቶ ዘመን በኖረው በባግዳዱ ሊቅ በኢብን አቢ አል-ሐዲድ ጽሑፍ ውስጥ ከእስልምና በፊት ከነበሩት የዐረቦች ልማዶች እንደ አንዱ ተመዝግቧል። በጃፓን ደግሞ የታችኛው ጥርስ ወደ ጣሪያ፣ የላይኛው ጥርስ ወደ ቤቱ ወለል ሥር ይጣላል፤ አዲሱ ጥርስ አሮጌው ወደ ተጣለበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ እንዲያድግ ነው።

በእነዚህ ጥንታዊ መልኮች ሁሉ አንድ ትልቅ ነገር መታየት አለበት፤ ልጁ የሚጠይቀው ጥርስ ነው እንጂ ገንዘብ አይደለም። አሮጌውን ይሰጣል፣ አዲስና ብርቱ ይቀበላል፤ ልውውጡ ጥርስ በጥርስ ነው። ሕፃናት በብዛት በሚሞቱበት ዘመን፣ ለምሳሌ በስፔን በ1900 ገደማ ከሚወለዱ አምስት ሕፃናት አንዱ ያህል አንደኛ ዓመቱን ሳይደፍን በሚቀጭበት ጊዜ፣ ልጅ ለጥርስ መለወጫ መድረሱ ራሱ ለቤተሰቡ ታላቅ የምሥራች ስለነበር፣ ወላጆች ያችን ትንሽ አጥንት መሰል ነገር በቸልታ መጣል አለመፍቀዳቸው የሚያስደንቅ አይደለም።

የአይጡ ስምም የራሱ ታሪክ አለው። ፔሬዝ በስፔን እጅግ ከተለመዱት የቤተሰብ ስሞች አንዱ ሲሆን፣ አይጥ ፔሬዝ የሚባለው ገጸ ባሕርይ ከጥርስ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው በሌላ የሕዝብ ተረት ውስጥ ቀድሞ ይገኛል። ይህ ተረት ቤቷን ስትጠርግ ሳንቲም አግኝታ ራሷን ያስጌጠች አንዲት ጉንዳን፣ ሊያገቧት ከመጡት እንስሳት ሁሉ መካከል ድምፁ ረጋ ያለውን ራቶን ፔሬዝን መርጣ እንዳገባች፣ ባሏም የተጣደ ድስት ውስጥ ወድቆ እንደሞተባት የሚተርክ ነው። ተረቱን ከሕዝብ አፍ ለቅመው ካሳተሙት ሰዎች መካከል በስፔን ሥነ ጽሑፍ ከፍ ያለ ስፍራ ያላት፣ ፈርናን ካባዬሮ በሚል የወንድ የብዕር ስም የጻፈችው ሴሲሊያ ቦል ዴ ፋበር ትገኝበታለች። እሷ በ1877 አርፋለች። በ1884 ደግሞ ታላቁ ልብ ወለድ ደራሲ ቤኒቶ ፔሬዝ ጋልዶስ «ላ ዴ ብሪንጋስ» በተባለው ሥራው አንዱን ቆጣቢና ገብጋባ የቤተ መንግሥት ሹም ከራቶንሲቶ ፔሬዝ ጋር አነጻጽሮታል፤ እንዲህ ያለው ንጽጽር አንባቢው አይጡን አስቀድሞ ካላወቀው ትርጉም ስለማይሰጥ፣ ስሙ ኮሎማ ብዕሩን ከማንሣቱ ከዐሥር ዓመት በፊት በማድሪድ የታወቀ እንደነበረ ያረጋግጣል።

ሉዊስ ኮሎማ በ1851 በደቡብ ስፔን በምትገኘው በሔሬስ ዴ ላ ፍሮንቴራ ከተማ ተወልዶ፣ በሴቪያ ሕግ ተምሮ፣ በወጣትነቱ ከፈርናን ካባዬሮ ጋር በቅርብ የተዋወቀና የሥነ ቃል ፍቅሯን የወረሰ ሰው ነበር። በ1872 በጥይት ቆስሎ ከሞት አፋፍ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1874 ወደ ኢየሱሳውያን ማኅበር ገባ፤ ይህም ማኅበር የኢትዮጵያ አንባቢ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በነበረው በስፔናዊው በጴሮ ፓኤዝ በኩል የሚያውቀው የካቶሊካውያን መነኮሳት ማኅበር ነው። ኮሎማ የመኳንንቱን ቤት ከውስጥ የሚያውቅ ካህን ስለነበር፣ በ1890 እና በ1891 «ፔኬኜሴስ» በሚል ርእስ ያወጣው ልብ ወለድ የማድሪድን ከፍተኛ መደብ ልቅነት ያለርኅራኄ በማጋለጡ በከተማይቱ ታላቅ ጫጫታ አስነሥቷል። ከሦስት ዓመት በኋላ ለሕፃኑ ንጉሥ ተረት እንዲጽፍ የተጠየቀው ይኸው ሰው ነው።

የንጉሡም ሁኔታ ያልተለመደ ነበር። አባቱ አልፎንሶ 12ኛ በኅዳር 1885 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ልጁ ገና በእናቱ ማሕፀን ስለነበር፣ አልፎንሶ 13ኛ ግንቦት 17 ቀን 1886 የተወለደው ንጉሥ ሆኖ ነው፤ እስኪጎለምስም ድረስ ኦስትሪያዊት እናቱ ማሪያ ክሪስቲና በእንደራሴነት አገሪቱን አስተዳደረች። ልጁ ስምንት ዓመት ገደማ ሆኖት ጥርሱ ስትወልቅ፣ ከቤተ መንግሥት በመጣው ጥያቄ መሠረት ኮሎማ አንድ አጭር ተረት ጻፈ፤ የእጅ ጽሑፉም እስከ ዛሬ በማድሪድ በቤተ መንግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ ይገኛል። የተረቱ ባለታሪክ ንጉሥ ቡቢ ይባላል፤ ይህም እናቱ አልፎንሶን በቤት ውስጥ ትጠራበት የነበረው የቁልምጫ ስም ነው።

በተረቱ ውስጥ የንጉሥ ቡቢ ጥርስ መነቃነቅ ቤተ መንግሥቱን ሁሉ ያውካል፤ ሐኪም ተጠርቶ ጥርሱ በቀይ የሐር ክር ታስሮ ይወጣል፤ ከወጣም በኋላ የት ይቀመጥ በሚለው ላይ ብዙ ይመከራል። ንግሥቲቱ ግን ልጇ ለራቶን ፔሬዝ ደብዳቤ ጽፎ ጥርሱን ከደብዳቤው ጋር ከትራሱ ሥር እንዲያኖር ታደርጋለች። እዚህ ላይ ኮሎማ ንግሥቲቱ ይህን የምታደርገው ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ልማድ ስለሆነ ነው ብሎ መጻፉ ልብ ሊባል ይገባል፤ ደራሲው ራሱ ልማዱን ፈጠርሁት ሳይል አሮጌ መሆኑን እየመሰከረ ነውና።

ሌሊቱን አይጡ ይመጣል። ኮሎማ የሣለው መልክ ከዚያ ወዲህ ለነበሩት ሠዓሊዎች ሁሉ መነሻ ሆኗል፤ እጅግ ትንሽ፣ የገለባ ባርኔጣ የደፋ፣ የወርቅ መነጽር ያደረገ፣ ሸካራ የተልባ እግር ጨርቅ ጫማ የተጫማ፣ ቀይ ቦርሳ በጀርባው ያነገተ አይጥ ነው። ይህ የጉድጓድ አይጥ ሳይሆን በዘመኑ በማድሪድ ጎዳና ላይ ሊታይ የሚችል፣ ሥራ የበዛበት፣ ጨዋ የመካከለኛ መደብ ሰው ነው። መኖሪያውም እንደዚሁ የታወቀ የከተማ አድራሻ አለው፤ ከፑዌርታ ዴል ሶል አደባባይ ወደ ቤተ መንግሥቱ አቅጣጫ በሚወስደው በአሬናል ጎዳና ቁጥር 8፣ ፕራስት በተባለው የጣፋጭ መደብር ምድር ቤት፣ በአንድ የእንግሊዝ ብስኩት ሣጥን ውስጥ ከነቤተሰቡ ይኖራል። መደብሩ በእርግጥ የነበረ መደብር ስለሆነ፣ የማድሪድ ልጆች ከእናታቸው ጋር ጣፋጭ ሊገዙ ሲገቡ ከእግራቸው ሥር ማን እንዳለ ማሰብ ይችሉ ነበር። ኮሎማ በአንድ ብዕር ጫፍ የአስማቱን እንስሳ የጎረቤት ነዋሪ አደረገው፤ የልማዱ ዕድሜ መርዘም ከዚህ ጥበብ ጋር ብዙ ግንኙነት አለው።

ንጉሡ አይጡን አብሬህ ልሂድ ይለዋል፤ አይጡም የጅራቱን ጫፍ ወደ ንጉሡ አፍንጫ አስገብቶ ሲያስነጥሰው ቡቢ ወደ አይጥነት ይለወጣል። በቱቦዎችና በቤቶች ሥር ባሉ ዋሻዎች ተሹለክልከው፣ የፔሬዝን ቤተሰብ ጎብኝተው፣ በዚያው ሌሊት ጥርሱ የወለቀችበት ሌላ ልጅ ወዳለበት ይደርሳሉ። ልጁ ሂሊቶ ይባላል፤ ከእናቱ ጋር በኻኮሜትሬሶ ጎዳና ከአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ባለች ቀዝቃዛ ጠባብ ክፍል ይኖራል። ተረቱ የተጻፈው ለዚህ ክፍል ነው ማለት ይቻላል። ንጉሡ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በእሱ ዕድሜ ያለ ልጅ በብርድና በራብ ሲኖር ያያል፤ ያም ልጅ እሱ ራሱ ማታ ማታ የሚደግመውን ጸሎት ሲጸልይ ይሰማል። ለሂሊቶ አይጡ የሚተውለት አንዲት የወርቅ ሳንቲም ናት።

ንጋት ላይ ቡቢ በአልጋው ሲነቃ፣ ከትራሱ ሥር በአልማዝ የተንቆጠቆጠ የወርቅ ለምድ ኒሻን ያገኛል፤ ይህ ኒሻን ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የነበረና በስፔን ዘውድ ዘንድ ከሁሉ የላቀ ክብር ያለው ነው። ልጁ ግን ኒሻኑን ከቁም ነገር ሳይቆጥር እናቱን ይጠይቃል፤ ድሆቹ ልጆች እኔ የምጸልየውን ጸሎት ለምን ይጸልያሉ? እኔ ሁሉ ነገር ሲኖረኝ እነሱ ለምን ምንም የላቸውም? የእናቱም መልስ እግዚአብሔር የሁሉም አባት ስለሆነ ሁሉም ወንድማማቾች ናቸው፣ ንጉሥ መሆን ማለት ደግሞ ታላቅ ወንድም መሆን ነው፣ ለታላቁ ብዙ የተሰጠው ታናናሾቹ እንዳይጎድልባቸው እንዲያስብ ነው የሚል ነው።

ይህን ንግግር ከዘመኑ ነጥሎ ማንበብ አይገባም። የሮማው ሊቀ ጳጳስ ሊዮን 13ኛ ስለ ሠራተኞች መብትና ስለ ባለጸጎች ግዴታ የጻፉት ታላቅ መልእክት የወጣው በ1891 ነበር፤ በኅዳር 1893 ደግሞ በባርሴሎና በሊሴው ኦፔራ ቤት አንድ አናርኪስት፣ ማለትም መንግሥትንና ሹመትን ሁሉ የሚቃወም ሰው፣ በሀብታሞቹ ተመልካቾች መካከል ቦምብ ወርውሮ ብዙ ሰው ገድሏል። በሀብታምና በድሃ መካከል ያለው ገደል አገሪቱን እያስፈራት በነበረበት በዚያ ጊዜ፣ ካህኑ በዙፋኑ ላይ ላለው ልጅ ስለ ድህነት ሊናገር የቻለው በወተት ጥርስ በኩል ነው። ጥርስ የማይወልቅበት ልጅ ስለሌለ፣ ንጉሡንና የጣሪያ ሥሩን ልጅ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ እንግዳ፣ በአንድ ተስፋ ሊያገናኝ የሚችል ከዚህ የተሻለ ምክንያት አልነበረም። መልሱ ሥርዓቱን ለመለወጥ የሚጠይቅ አይደለም፤ ድሃው ድሃ ሆኖ፣ ንጉሡም ንጉሥ ሆኖ ይቀጥላሉ። ቢሆንም ለስምንት ዓመት ንጉሥ፣ ያለህ ሁሉ ለሌሎች አደራ ነው ብሎ በግልጽ መጻፍ ቀላል ነገር አልነበረም፤ በቤተ መንግሥት የሚጻፉ የልጆች ተረቶች አብዛኛውን ጊዜ ለውዳሴ የሚጻፉ እንደነበሩ ሲታሰብ የኮሎማ ድፍረት ከፍ ያለ ግምት ይገባዋል።

ተረቱ ወደ ሕዝብ የወጣው በ1902 ከሌሎች የኮሎማ ጽሑፎች ጋር ሲሆን፣ በ1911 ብቻውን በሥዕል ተጊጦ ታተመ፤ በ1914ም በእንግሊዝኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ አይጡ በየቤቱ የሚታወቀውን መልክ ይዞ ቀረ፤ ሆኖም በስፔን ራሷ እንኳ ብቻውን አልነገሠም። በባስክ ምድር ልጆች ጥርሳቸውን ወደ ጣሪያ ወርውረው ማሪ ቴይላቱኮአ፣ ማለትም የጣሪያዋ ማሪ፣ ለምትባል ሴት ይሰጧት ነበር፤ በካንታብሪያ ጥርስ የሚወስደው ሽኮኮ ነው፤ በካታሎኒያ ደግሞ ትንሽ መልአክ ነው። በሰሜን አሜሪካ የተስፋፋችው የጥርስ መንፈስ፣ ክንፍ ያላት ሴት ሆና የምትሣለው፣ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ አዲስ ናት፤ በጽሑፍ ከታወቁት ቀደምት መጠቀሶቿ አንዱ በ1908 በቺካጎ ትሪቡን ጋዜጣ ለእናቶች የቀረበ ምክር ሲሆን፣ ምክሩም ልጁ የተነቃነቀች ጥርሱን ያለ ፍርሃት እንዲያስነቅል በትራሱ ሥር አምስት ሳንቲም ማኖር ይበጃል የሚል ነበር።

በአትላንቲክ ማዶና ወዲህ በተመሳሳይ ዘመን የሆነው ይኸው ነው፤ ጥርስ በጥርስ የነበረው ልውውጥ ጥርስ በገንዘብ ሆነ። ለዚህ ጥርስን ብርቱ የሚያደርገው ምግብና ንጽሕና ነው የሚለው ትምህርት መስፋፋቱ፣ የከተማ ቤት ጉድጓድም ሆነ የሣር ክዳን የሌለው መሆኑ፣ ቤተሰቦችም ጥቂት ልጆች ወልደው ለእያንዳንዱ የበለጠ ማውጣት መቻላቸው ሁሉም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ኮሎማ በተረቱ ያስገባው የወርቅ ሳንቲም ግን ከዚህ ዓይነቱ ዋጋ የተለየ ነበር፤ የሂሊቶ ሳንቲም እንጀራ የምትገዛ ሳንቲም ናት። ዛሬ አይጡ በባለጸጋ ሰፈር ለሚኖር ልጅ ብዙ፣ በድሃ ሰፈር ለሚኖረው ደግሞ ጥቂት ወይም ምንም የማይተው በመሆኑ፣ ልጆች በትምህርት ቤት ያገኙትን ሲያነጻጽሩ ልማዱ ደራሲው ካሰበው ተቃራኒ ነገር ያስተምራቸዋል፤ ይህ መዘንጋት በራቶን ፔሬዝ ታሪክ ውስጥ እጅግ የሚያሳዝነው ክፍል ነው።

አልፎንሶ 13ኛ በ1902 ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው ሥልጣኑን ተረከበ። ሚያዝያ 4 ቀን 1910 በራሱ እጅ መቆፈሪያ ይዞ አዲሱ ሰፊ ጎዳና፣ ግራን ቪያ፣ ለሚያልፍበት የማፍረስ ሥራ መክፈቻ አደረገ፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም ሥራው ሲገፋ ከፈረሱት ጠባብ ጎዳናዎች አንዱ ሂሊቶ የኖረበት የኻኮሜትሬሶ ጎዳና ነበር፤ ከእሱ የተረፈው ከካያኦ አደባባይ ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ የሚያወርደው ክፍል ብቻ ነው። ንጉሡ ራሱ ሪፐብሊክ በታወጀበት በሚያዝያ 1931 አገሩን ለቆ ወጥቶ፣ በ1941 በሮም በስደት ሞተ። የአይጡ ቤት ግን አልተዘነጋም፤ የማድሪድ ከተማ አስተዳደር በ2003 በአሬናል ጎዳና ቁጥር 8 የመታሰቢያ ጽላት አኑሮለታል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በዚያው ሕንፃ ውስጥ ለልጆች የሚሆን ትንሽ ቤተ መዘክር ተከፍቷል። በጽላቱ ላይ የአይጡ፣ የብስኩቱ ሣጥን፣ የካህኑና የሕፃኑ ንጉሥ ስም ተጽፏል፤ የሂሊቶ ስም ግን የለበትም።